የኩሬ ዓሣ ምርታማነት የሚለካው በክብደት እንጂ በቁጥር አይደለም

ዓሣ ከሐይቆችና ከወንዞች ብቻ ሳይሆን አርሶ አደሩ በጓሮው ከሚቆፍረው ኩሬም እንዲገኝ ለማስቻል በአገራችን ለበርካታ ዓመታት ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ለዚሁ ጥረት ተጨማሪ መነሳሳት መፍጠሩ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ኩሬ መቆፈርና ጫጩት መጨመር የሥራው ጅምር እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ክትትል ያልተደረገለት ኩሬ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ለገበያም ሆነ ለማዕድ በማይበቁ ደቃቃ ዓሦች ይሞላል። ኩሬው ሲታይ ዓሣ የበዛበት ይመስላል፤ ባለቤቱ ግን የድካሙን ዋጋ ባለማግኘቱ ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ለመተው ይገደዳል።

የችግሩ ምንጭ ቆሮሶ እየተባለ የሚጠራው የናይል ቴላፒያ ዓሣ የመራባት ባሕርይ ነው። ቆሮሶ በፍጥነት በማደጉ፣ የተለያየ ምግብ በመመገቡና በሽታን በመቋቋሙ ለኩሬ እርባታ ተመራጭ ቢሆንም፣ ኩሬ ውስጥ ከገባ ከ5 እስከ 6 ወራት ዕድሜው ላይ ለመራባት ይደርሳል። በተጨናነቀና ምግብ ባነሰው ኩሬ ውስጥ የቀጨጨ ቆሮሶ ደግሞ ክብደቱ ገና 20 ግራም ሳይሞላ ሊራባ ይችላል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍልና ጫጩቶቿንም በአፏ ከጥቃት የምትከላከል በመሆኗ በርካቶቹ በሕይወት ይተርፋሉ። 100 ግራም የምትመዝን ሴት ቆሮሶ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል የምትጥል ሲሆን፣ የውሃው ሙቀት ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እስከሆነ ድረስ በዓመት ውስጥ ደጋግማ ትራባለች። እንቁላል በአፏ በያዘችበት ወቅት እምብዛም ስለማትመገብም ዕድገቷ ይገታል።

ማንኛውም ኩሬ ሊቀልብ የሚችለው የዓሣ ክብደት እንደ ስፋቱ፣ እንደ ውሃው ጥራትና እንደሚቀርብለት ምግብ የተወሰነ ነው። ለአብነት ያህል 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውና በፍግ የሚለማ አንድ ኩሬ 60 ኪሎ ግራም ዓሣ የመሸከም አቅም አለው ብንል፣ ይህ ክብደት እያንዳንዳቸው 150 ግራም በሚመዝኑ 400 ዓሦች ሊሸፈን ይችላል። የዓሦቹ ቁጥር 3 ሺህ ቢደርስ ግን የእያንዳንዳቸው ድርሻ 20 ግራም ብቻ ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ ኩሬው የያዘው 60 ኪሎ ግራም ነው፤ ለገበያ የሚቀርበው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

መጨናነቁን ለማወቅ ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። በመረብ ከተያዙት ዓሦች መካከል አብዛኞቹ የጣት ርዝመት ብቻ ካላቸው፣ ጭንቅላታቸውና ዓይናቸው ከሰውነታቸው ጋር ሲነጻጸር ከገዘፈ፣ ትናንሾቹም ሴቶች እንቁላል በአፋቸው ይዘው ከተገኙ ኩሬው ከአቅሙ በላይ ሆኗል። ዓሦቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን የሚከፋፍቱ ከሆነ ደግሞ የኦክስጅን እጥረት መኖሩን ያመለክታል። በዚህን ጊዜ ፍግ መጨመርን ለጊዜው አቁሞ ንጹሕ ውሃ ማስገባት ይገባል።

በዚህ ረገድ በስፋት የሚፈጸሙ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ትላልቆቹን ብቻ እየመረጡ ለምግብ ማውጣት ነው፤ ይህም የቀጨጩት በኩሬው ውስጥ ቀርተው መራባታቸውን እንዲቀጥሉ ያደርጋል። ሁለተኛው ዕድገቱ የቀነሰው ጫጩት በማነሱ ነው በሚል ተጨማሪ ጫጩት መጨመር ነው። ሦስተኛውና አሳሳቢው ከተጨናነቀ ኩሬ የወጡ ደቃቃ ዓሦችን ጫጩት ናቸው ብሎ ለሌላ አርሶ አደር ማከፋፈል ነው። እነዚህ ዓሦች ቁመታቸው ቢያጥርም በዕድሜያቸው የጎለመሱ በመሆናቸው አዲሱ ኩሬ እንደገቡ ወዲያውኑ መራባት ይጀምራሉ። የተረፈውን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅም በዚያ በሚኖሩ ዝርያዎች ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል መወገድ ያለበት ተግባር ነው።

ኩሬው ከተጨናነቀ በኋላ አስተማማኙ መፍትሔ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የሚወጣው ውሃ ለተክል የሚጠቅም ንጥረ ነገር ያዘለ በመሆኑ የጓሮ አትክልት ለማጠጣት ይውላል። ትላልቆቹ ዓሦች ለገበያና ለቤተሰብ ምግብ ሲቀርቡ፣ ደቃቆቹ ደርቀውና ተፈጭተው ለዶሮ መኖ ያገለግላሉ። ከዚያም የኩሬው ወለል እስኪሰነጣጠቅ ድረስ በፀሐይ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ እርጥበት በቀረባቸው ሥፍራዎች ላይ ኖራ በመበተንም የተደበቁ ዓሦችን ማጥፋት ይቻላል። ውሃውን ማውጣት ካልተቻለ ደግሞ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ደቃቆቹን በተደጋጋሚ መቀነስ ጊዜያዊ እፎይታ ይሰጣል።

ችግሩ እንዳይደገም ለማድረግ የሚያስችሉ አማራጮችም አሉ። በፍግ ለሚለማ አነስተኛ ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 ያልበለጡ ጫጩቶችን መጨመርና በ5 ወራት ገደማ ሁሉንም አውጥቶ መሰብሰብ ቀላሉ ዘዴ ነው። የምርት ጊዜውን የዓሣ ገበያ ከሚደራበት የዐቢይ ጾም ጋር ማገናዘብ የባለቤቱን ገቢ ያሳድጋል። ሌላው ከሴቶቹ በፍጥነት የሚያድጉትን ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማርባት ነው። ጫጩቶቹ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲደርሱ ከሆዳቸው ሥር ያለውን የመራቢያ አካል በማየት ጾታቸውን በእጅ መለየት ይቻላል፤ ይሁንና ጥቂት ሴቶች ካመለጡ መራባቱ ስለሚቀጥል ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል።

ሦስተኛው አማራጭ አምባዛን ከቆሮሶ ጋር ማርባት ነው። አምባዛ በኩሬው ውስጥ የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች በመመገብ ቁጥራቸውን ይቆጣጠራል። ሆኖም መጀመሪያ የተጨመሩትን ቆሮሶዎች እንዳይበላ ከእነርሱ ያነሰ አምባዛ መመረጥ አለበት። አምባዛ አየር መተንፈስና በእርጥብ መሬት ላይ መንቀሳቀስ ስለሚችልም የኩሬው ዳርቻ በሚገባ መከለል ይኖርበታል።

እነዚህ ዘዴዎች ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ተከታታይ የባለሙያ ድጋፍ ነው። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዕቅድና ሪፖርት ሲያዘጋጁ ከተቆፈሩ ኩሬዎችና ከተሰራጩ ጫጩቶች ቁጥር ባሻገር፣ ከእያንዳንዱ ኩሬ የተሰበሰበውን ዓሣ በኪሎ ግራም፣ የአንዱን ዓሣ አማካይ ክብደትና ለምርቱ የፈጀውን ጊዜ መመዝገብ ይጠበቅባቸዋል። ጫጩት ሲያሰራጩም ዕድሜውንና ምንጩን ማረጋገጥ ይገባቸዋል። ይህ ሲሆን ችግር ያለበት ኩሬ ባለቤቱ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ይታወቃል፤ ለኩሬው የፈሰሰው ጉልበትና ገንዘብም ፍሬ ያፈራል።