የነጋዴን መዝገብ የያዘ ሀርድ ዲስክ በተበላሸ ጊዜ

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በማለዳ ነው። ሌሊቱን መብራት ሲሄድና ሲመለስ ያደረበት ሱቅ ይከፈታል፤ ሒሳብ ያዡም ኮምፒዩተሩን ሲያበራው ስክሪኑ እንደ ጠቈረ ይቀራል፤ ከሣጥኑም ውስጥ ቀጭ፥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሒሳብ ያዡ አጥፍቶ እንደ ገና ያበራዋል። ባለቤቱም ሲደርስ በተራው አጥፍቶ ያበራዋል። ቀጥሎም ከጎረቤት ሱቅ ኮምፒዩተር ያውቃል የተባለ ወጣት ተጠርቶ ይመጣና ሣጥኑን በእጁ መታ መታ አድርጎ ይሞክራል። እንዲህ ሲባል ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መሣሪያው ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ጊዜ ጠፍቶ በርቷል። በዚያ ሣጥን ውስጥ ግን የዱቤ ደንበኞች ስምና ዕዳ፥ የዕቃው ቈጠራ፥ ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከባንክ ጋር የተደረገው መጻጻፍ፥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂዎችና የብዙ ዓመት የሽያጭ ሒሳብ ይገኛሉ። ዕዳውን ማን እንዳለበት የሚያውቀው ያ መዝገብ ብቻ ከሆነ፥ ባለዕዳው ካልተናገረ በቀር ገንዘቡ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። አዲስ ሀርድ ዲስክ የሚገዛበት ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ባለንብረቶች በዚህ ጊዜ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። መዝገቡን ፈጽሞ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ብልሽት ሳይሆን ከብልሽቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓቶች የሚደረገው ጥድፊያ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ መመልከት ይገባል።

የሀርድ ዲስክ አያት በ1956 እ.ኤ.አ. አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ራማክ ነው። ስፋታቸው 24 ኢንች የሆነ 50 ክብ ሳህኖች ተደራርበውበት፥ ክብደቱም አንድ ቶን ገደማ ሆኖ፥ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ራማክ የሚለው ምሕፃረ ቃል ራሱ የሒሳብ አያያዝንና ቍጥጥርን የሚጠቅስ ስለ ነበረ፥ መሣሪያው ከውልደቱ ጀምሮ ለነጋዴ ጠረጴዛ የታሰበ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በሱቅ የሚገኘው ሀርድ ዲስክ በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ቢሆንም ሥርዐቱ ያው ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከመስተዋት የተሠሩ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። ነገሩን በዘፈን ሸክላ መመሰል ይቻላል፤ ልዩነቱ ግን የሸክላው መርፌ ሸክላውን እየነካ ሲሄድ፥ የዲስኩ አንባቢ ራስ በሥራ ላይ ሳለ ሳህኑን ፈጽሞ መንካት የሌለበት መሆኑ ነው። ራሱ ከሳህኑ አዙሪት በሚነሣው ነፋስ ላይ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከሰው ጠጉር ውፍረት የዐሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አያህልም። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ በሚገኘው ባለ 7,200 ዙር ዲስክ የሳህኑ ጠርዝ በዚህ ጊዜ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል።

እንግዲህ ራሱ ሲጎዳ የሚፈልገውን ምልክት ስለማያገኝ፥ የተሸከመው ክንድ ወደ ዳር ተመልሶ እንደ ገና ይሞክራል፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። የተጎዳ ራስ ሳህኑን ከነካ ደግሞ መዝገቡ የተጻፈበትን እጅግ ስስ ቅብ ይፍቀዋል። የተፋቀውን ማንም ባለሙያ አይመልሰውም። ስለዚህ ያ ሁሉ ማጥፋትና ማብራት በእያንዳንዱ ጊዜ ከመዝገቡ ላይ አንድ ቅጠል እንደ መቅደድ ሊሆን ይችላል። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር መሣሪያውን አጥፍቶ ከመብራቱ መንቀል ነው፤ ሁለተኛውም ነገር ይኸው ነው።

ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ መድኀኒቶችም አሉ። ዲስኩን በማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሮ መሞከር ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ነው፤ ይሁን እንጂ ከቅዝቃዜ የወጣ ብረት ላብ እንደሚያወጣ ሁሉ በሳህኑ ላይ እርጥበት ይቋጠራል። ሽፋኑን በመፍቻ ከፍቶ ውስጡን መመልከትም የባሰ ነው። የአንድ ተራ ክፍል ዐቧራ ከላይ ከተነገረው ክፍተት ብዙ እጥፍ ይበልጣልና፥ የተከፈተ ዲስክ ተመልሶ ቢዞር ራሱ ከዐቧራው ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ይህ ሥራ የሚከናወነው አየሩ እየተጣራ በሚገባበት ንጹሕ ክፍል ብቻ ነው።

ይህ ሲባል ግን ያልተነሣ ኮምፒዩተር ሁሉ ዲስኩ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም። መብራት በሚዋዥቅበት ቦታ ፓወር ሰፕላዩ ቀድሞ ይቃጠላል፤ ራሙ ከመቀመጫው ይላቀቃል፤ ገመዱም ይበላሻል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጤነኛውን ዲስክ አውጥቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማገናኘት መዝገቡን መገልበጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሆኖም አንድ አዲስ እንቅፋት አለ። በብዙ አዳዲስ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ላይ ቢትሎከር የተባለው ቍልፍ ባለቤቱ ሳያውቀው ሥራውን ይጀምራል። ይህ በሆነ ጊዜ ዲስኩ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲዛወር 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር ይጠየቃል፤ ቍጥሩ ያልተቀመጠለት ነጋዴ በጤነኛ ዲስክ ፊት ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ይህን ቍጥር ዛሬውኑ አትሞ በካዝና ውስጥ ማኖር ይገባል።

በስሕተት የተደመሰሰ ፋይል ወይም ፎርማት የተደረገ ዲስክ ደግሞ ሌላ ጕዳይ ነው። በሚዞረው ዲስክ ላይ ፋይል ሲደመሰስ የሚወጣው ማውጫው ነው እንጂ ጽሑፉ ወዲያው አይፋቅም፤ ቦታው ክፍት ተብሎ ስለ ተመዘገበ ግን ሌላ ጽሑፍ ሊጻፍበት ይችላል። ስለዚህ የጠፋውን የሚፈልገውን ፕሮግራም በዚያው ዲስክ ላይ መጫን፥ የሚፈለገውን ነገር በራስ እጅ መቅበር ይሆናል። ሳህን የሌለው ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ዓይነት ከዚህ ይለያል። እርሱ ትሪም በሚባል ሥርዐት የተደመሰሰውን ቦታ ራሱ እያጸዳ ስለሚሄድ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚመለስ ነገር ላይገኝ ይችላል። በተጨማሪም ኤስ ኤስ ዲ ሲሞት ድምፅ የለውም፤ ትናንት ሠርቶ ዛሬ ጭራሽ አለመታወቁ የተለመደ ነው። ፍጥነቱ የሚያስደስት ዕቃ ቢሆንም ብቸኛ መዝገብ ቤት ሊሆን አይገባውም።

ሙያውን የሚያከብር ጠጋኝ የተጎዳ ዲስክ ሲቀበል የመጀመሪያ ሥራው ጥገና ሳይሆን ግልባጭ ማውጣት ነው። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጥና ፍለጋውን ሁሉ በግልባጩ ላይ ያካሂዳል። ለዚህም ዲዲሬስኪዩ የተባለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ በመጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሰብስቦ የተጎዳውን ስፍራ ለመጨረሻ ያቈያል፤ የደረሰበትንም በካርታ እየመዘገበ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ግን ራሱ ገና ለሚያነብ ዲስክ ነው እንጂ ቀጭ ቀጭ ለሚለው አይደለም። በመብራት ኀይል መብዛት የዲስኩ ቦርድ የተቃጠለ እንደ ሆነም፥ ተመሳሳይ ቦርድ ፈልጎ መቀየር በቀድሞ ዲስኮች ላይ ይበቃ ነበር። በአዲሶቹ ግን የእያንዳንዱ ዲስክ ልዩ መለኪያ በቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ስለ ተጻፈ፥ ያች ቺፕ ካልተዛወረች ብዙ ጊዜ ሥራው ከንቱ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የተቃጠለውን ቦርድ መጣል ትልቅ ስሕተት ነው።

በትዕግሥት የተያዘ ዲስክ ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ወደ ምድር ስትመለስ በአየር ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ። ከስብርባሪው መካከል የተቃጠለ ሀርድ ዲስክ ተገኘ፤ በውስጡም ስለ ዜኖን ጋዝ በጠፈር የተደረገ ምርመራ ውጤት ነበረበት። ክሮል ኦንትራክ የተባለው ኩባንያ ባለሙያዎች ሳህኖቹን አጽድተው በሌላ ዲስክ አካል ላይ በማኖር ከጽሑፉ ከመቶ 99 ያህሉን አወጡ፤ የምርመራውም ውጤት በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ። ይህ ሊሆን የቻለው ጽሑፉ ያለበት የሳህኑ ስፍራ ስላልተፋቀ ነው። ከዚያችው መንኰራኵር የተገኙ ሌሎች ሁለት ዲስኮች ግን ምንም አልሰጡም። እሳት ያላጠፋው መዝገብ በአንድ ሱቅ ውስጥ ሃያ ጊዜ በማብራት ሊጠፋ መቻሉ ሊታሰብበት ይገባል።

ዲስኩን ለጥገና የሚያስረክብ ነጋዴ የሞዴሉንና የሴሪያል ቍጥሩን ጽፎ መያዝ አለበት፤ ይህም ሌላ ዲስክ ተለውጦ እንዳይመለስለት ነው። በዋናው ዲስክ ላይ ምንም እንደማይጻፍ፥ ሽፋኑም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደማይከፈት በደረሰኙ ላይ ቢሰፍር መልካም ነው። መዝገቡ ካልወጣ ምን እንደሚከፈል አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ ከዲስክ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚጠየቅበት ሥራ ነውና በኋላ መከራከር አይበጅም። በውስጡ የደንበኞች ስምና የግዢ ዋጋ ስለሚገኝ ምስጢሩን መጠበቅም የውሉ ክፍል መሆን አለበት። ጠጋኙ በትሕትና «ይህ ከእኔ ዐቅም በላይ ነው» ቢል፥ ይህን ያለ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊናቅ አይገባውም።

ዕቃውን የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎችም በዚህ ጕዳይ ድርሻ አላቸው። ዋስትና ዲስኩን እንጂ በውስጡ ያለውን መዝገብ አይመልስም፤ ገዢው ይህን የሚሰማው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ከሆነ ጠብ ይነሣል። በሽያጩ ደረሰኝ ላይ በአንድ መስመር ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ያገለገለ ዲስክ አዲስ ተብሎ መሸጡም በውጭ ገበያ የታየ ነገር ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጀርመን ገዢዎች እንደ አዲስ የገዟቸው ዲስኮች ከዐሥር ሺህ ሰዓት በላይ የሠሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ የተለመደው የሰዓት ቈጣሪ ወደ ዜሮ ተመልሶ ሳለ ሌላው የአምራቹ የውስጥ መዝገብ እውነቱን አጋልጧል። አስመጪው ከአዲስ ጭነት ጥቂቱን መርጦ ሁለቱንም ቈጣሪዎች ቢመረምር፥ የሴሪያል ቍጥሩንም ከአምራቹ ዘንድ ቢያረጋግጥ ከብዙ ስም መጥፋት ይድናል።

ዲስክ ከመሞቱ በፊት ያስጠነቅቃልን? አንዳንድ ጊዜ። የጉግል ኩባንያ መርማሪዎች ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፥ በፍተሻ የመጀመሪያው ስሕተት የተገኘበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀኖች ውስጥ የመሞት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ከሞቱት መካከል ከመቶ 36 የሚሆኑት አንድም ምልክት ሳያሳዩ ነው የሞቱት። በሌላ በኩል የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴው የሒሳብ መጻሕፍቱን ለዐሥር ዓመት እንዲጠብቅ አዝዞ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ደግሞ ለአንድ ዲስክ ረዥም ዕድሜ ነው።

የቀድሞው ነጋዴ ደረሰኝ ሲጽፍ ከሥሩ ካርቦን ያኖር ነበር። ዛሬም የሚፈለገው ያው ነው፤ በቀኑ መጨረሻ የሒሳቡ ፕሮግራም ባክአፕ በሌላ ዲስክ ላይ ተወስዶ፥ ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ከሱቁ ውጭ እንዲያድር ማድረግ ነው። ዘወትር ተሰክቶ የሚያድር ቅጂ በአንዱ የመብራት ብልጭታ ወይም በአንዱ ቫይረስ ከዋናው ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ብዙ ሰው ቅጂ እየወሰደ ቅጂው የሚከፈት መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አይሞክርም። በወሩ መጨረሻ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ የአንድ የዱቤ ደንበኛን ሒሳብ ከወረቀት ደረሰኙ ጋር ማመሳከር ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም፤ ይህንንም ሥራ ከሒሳብ ያዡ ይልቅ ባለቤቱ ራሱ ቢያደርገው ይሻላል።