በቄራ ግቢ የሚዘረጋ ገበያ

በአዲስ አበባ ቄራ ሰፈር ቤት የሚቀይር ወይም ከሀገር የሚወጣ ሰው የቤት ዕቃውን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ነው። ፍሪጁ ለዘመድ፣ ቡፌው በደላላ፣ የቀረው ለቆራሌው ይሄዳል። ዕቃን ደጅ ላይ ዘርግቶ መሸጥ «ምን ቸገራቸው?» ያሰኛል የሚል ስጋት አለ። ለዓመታት ተለፍቶ የተገዛ ዕቃ በርካሽ የሚወጣው በዚህ ይሉኝታ ነው። በግልጽ፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ ግቢ ውስጥ የሚደረግ ሽያጭ ግን ለሻጩም ለጎረቤቱም ይበጃል፤ ለቄራ ደግሞ በተለይ ይስማማል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ የግቢው አኗኗር ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ ብዙ የቀበሌ ቤቶች አንድ የውጭ በር፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ለብዙ አባወራ ሆነው ኖረዋል። አንድ ቤት ብቻውን የሚያወጣው ቁም ሳጥንና ሦስት ወንበር ገዢ አይጠራም። አራት አባወራ ሲተባበሩ ግን የሕፃን አልጋ፣ የተማሪ ቦርሳ፣ ድስት፣ ምንጣፍ፣ ቴሌቪዥን አንድ ላይ ይወጣና ግቢው ገበያ ይሆናል። አሜሪካኖች ይህንኑ ነገር ወደ መንገድ አውጥተው ትልቅ አድርገውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና ሀይዌይ 127ን ተከትሎ ከሚሺጋን እስከ አላባማ የሚዘልቀው ዓመታዊ ሽያጭ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ለኮሪደር ልማቱ ተነሥተው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲዛወሩ፣ በአዲሱ ቤት የማይገባውን ዕቃ ረጋ ብሎ ለመሸጥ ፋታ አልነበረም። መኪና በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። ስለዚህ መልቀቅ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ቢጀምር ይሻላል።

ቀኑን ለመምረጥ ሰፈሩን ማወቅ ይጠይቃል። ደመወዝ ከወጣ በኋላ ያለው ቅዳሜ ጥሩ ነው፤ እሑድ ደግሞ መብራት ቢጠፋ መጠባበቂያ ይሆናል። የፋሲካና የገና ዋዜማ ግን አይሆንም። በነዚያ ቀናት ሰውና ከብት መንገዱን ይሞላዋል፤ ገንዘቡም ለበሬና ለበግ ተይዟል። በዐቢይ ጾም የቄራው የእርድ ሥራ ቀዝቀዝ ስለሚል ዕቃ ለመጫን መንገዱ ይመቻል።

ዋጋን በተመለከተ የድሮውን ደረሰኝ ማመን ከንቱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። መርካቶ ወጥቶ የአዲሱን ዋጋ ጠይቆ መምጣት ያስፈልጋል። በደህና ይዞታ ላለ ዕቃ የአዲሱን ግማሽ መነሻ ማድረግ ለእኔ ሚዛናዊ ነው። ዋጋው በወረቀት ተጽፎ ቢለጠፍ ጥሩ ነው፤ ሆኖም «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርምና ለክርክር ትንሽ ቦታ ይተውለት።

ገዢን የሚያሳምነው ሙከራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሸጥ ሰው ሶኬት የደረሰበት ቦታ ላይ ያስቀምጠው፤ አንድ ጣሳ ሊጥም ያዘጋጅ። ገዢዋ ፊት ምጣዱ ግሎ እንጀራ ሲጋገር ዓይኑ ዳር እስከ ዳር እኩል ከወጣ ክርክሩ ያልቃል። ውስጡ ያለው ሽቦ በተበላሸበት ቦታ ሊጡ ሳይበስል ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ጉድለቱን ነግሮ ዋጋ መቀነስ ነው። ፍሪጅም ከማለዳው ተሰክቶ በረዶ ይዞ ይቆይ። ቡፌና ቁም ሳጥን ደግሞ ስፋታቸው ይለካና ከዋጋው ጎን ይጻፍ፤ በቄራ ጠባብ መተላለፊያዎች ለወዛደር ተከፍሎ ዕቃው በር ላይ መያዙ ያጣላል።

በካዛንቺስ በኩል የኢትዮጵያ ቆይታቸውን ጨርሰው የሚሄዱ የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ሠራተኞችና ዲፕሎማቶችም ዕቃ ይሸጣሉ፤ የነሱ ዕቃ ብዙ ፈላጊ አለው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ግን ቀረጡ ሊከፈልበት ይገባል። በተለይ መኪና የሚገዛ ሰው ወረቀቱን ሳያይ ቀብድ መስጠት የለበትም።

ማስታወቂያው የመብራት ምሰሶ ላይ ወረቀት፣ የሰፈር ቴሌግራም፣ ከዚያም በላይ የዕድር ሰዎች አፍ ነው። ለጎረቤት በዋዜማው ቅድሚያ መስጠት ሐሜቱን ያስቀረዋል፤ አብሮ የኖረ ሰው ቀድሞ ሲመርጥ የሽያጩ ተካፋይ ይሆናል። የዕድር ጠረጴዛና ወንበር መዋስም አይከብድም። ሁሉም ነገር ግቢው ላይ ይዘርጋ፣ የቤቱ በር ተቆልፎ ይዋል፤ ሻይ የሚጋብዝ አንድ፣ ገንዘብ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፍል ሲመጣ የገዢውን ስልክ አይቶ ማመን አይበቃም፤ ገንዘቡ በራስ ሒሳብ መግባቱን አረጋግጦ ነው ዕቃ የሚለቀቀው። የማን ዕቃ በስንት እንደተሸጠ በደብተር ሲያዝ አራቱ አባወራ ማታ ላይ ሳይቀያየሙ ይካፈላሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዋጋ መቀነስ ይጀመር፤ እሑድ ደግሞ ትንንሹ ዕቃ በመደብ ይሸጥ። ደህና ልብስና ብርድ ልብስ ካልተሸጠ እንደ መቄዶንያ ላሉ የመርጃ ማዕከላት ቢሰጥ ይጠቅማል። አሮጌ ጫማና ልብስ ልዋጩ በፕላስቲክ ሳፋ ይለውጠዋል። ቆራሌው የሚጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ለሱ የሚቀረው የተበሳ ድስት፣ የዛገ ብረትና ባዶ ጠርሙስ ብቻ ይሆናል።