በሜዳ የተገኘ ነጥብ በሒሳብ ጠፋ

ድሬዳዋ የኳስ አገር ናት። የጥጥ ፋብሪካው ክለብ በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል። እኛ የመልካ ጀብዱ ሰዎችም ውጤት እንጠይቃለን። ያሸነፈ 3 ነጥብ ያገኛል። እኩል የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። የተሸነፈ ምንም የለው። ይህን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል።

ታዲያ አንድ ክለብ ሳይሸነፍ ነጥብ ሊያጣ ይችላል ወይ? አዎን፣ ይችላል። በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንንገራችሁ።

ኤቨርተን የሊቨርፑል ከተማ ክለብ ነው። በጊዜው የነበረው የሊጉ ደንብ አንድ ክለብ በ3 ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ይከለክላል። መክሰር ማለት ካስገቡት በላይ ማውጣት ነው። የኤቨርተን ኪሳራ ሲቆጠር ከተፈቀደው በ19 ሚሊዮን ተኩል በልጦ ተገኘ።

ኅዳር 7 ቀን 2016 ዓ.ም. 10 ነጥብ ተቀነሰበት። 14 ነጥብ ነበረው፤ 4 ቀረው። ከ14ኛ ደረጃ ወደ 19ኛ ወረደ። በዚያ ሊግ ከ20 ክለቦች የመጨረሻዎቹ 3 ወደ ታች ይወርዳሉ። ነገሩ ቀላል አልነበረም።

ክለቡ ይግባኝ አለ። በየካቲት ቅጣቱ ወደ 6 ነጥብ ዝቅ አለለት። በመጋቢት ደግሞ ሌላ ጥፋት ተገኝቶበት 2 ነጥብ ተቀነሰ። በዚያው ወር ኖቲንግሃም ፎረስት የተባለው ክለብ 4 ነጥብ አጣ። ሆኖም ሁለቱም ሳይወርዱ ቀሩ።

የኤቨርተን ደጋፊዎች በጣም ተቆጡ። ተጫዋቹ በላቡ ያመጣውን ነጥብ ቢሮ የተቀመጠው ሰው አጠፋው። ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም እውነት አለ። በአቅሙ የኖረውን ክለብ ከአቅሙ በላይ ያወጣው ቢያሸንፈው፣ ጨዋታው ትክክል ነው ወይ?

ይህን እኛ በእድራችን እናውቀዋለን። ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል ድንኳን የሚያጣው ሐዘንተኛው ነው። ስለዚህ ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል።

በአገራችን ብዙ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። ድሬዳዋ ከተማ ክለብም የከተማው አስተዳደር ክለብ ነው። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። እንግዲህ ውጤቱን ስንጠይቅ ሒሳቡንም እንጠይቅ። ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ለማን ተከፈለ? አሁን ፊደልም ቁጥርም ለይተናል። ወረቀቱን ራሳችን ማንበብ እንችላለን።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባላል። ብድሩን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ የተበደረው ሰው አይደለም።