ሼር የማናደርጋቸው ጥቅሶች

ኤርምያስ 29፥11ን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስለ ተስፋና ስለ መጪው ጊዜ የምትናገረዋ፣ በየጠዋቱ በቴሌግራም ከፀሐይ መውጫ ፎቶ ጋር የምትላክልን ጥቅስ ናት። ከእሷ በፊት ያለችውን ቁጥር 10ን ግን ስንቶቻችን አንብበናል? ቁጥር 10 ተስፋው የሚፈጸመው ከ70 ዓመት በኋላ እንደሆነ ትናገራለች። ደብዳቤው የተጻፈው በባቢሎን ለነበሩ ምርኮኞች ነው። ደብዳቤው ሲደርሳቸው አዋቂ ከነበሩት አብዛኞቹ ወደ አገር የሚመለሱበትን ቀን አያዩትም።

ስልካችን መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ፕሌይሊስት አድርጎልናል። ደስ ያለንን እንደግማለን፣ የከበደንን እናልፋለን። ችግሩ የምናልፋቸው ክፍሎች ብዙ ጊዜ ስለተራበና ስለተፈናቀለ ሰው የተጻፉ መሆናቸው ነው። ስናልፋቸው ሰውየውንም አብረን እናልፈዋለን።

እስቲ ሰቆጣን እናስብ። ዋግ ኽምራ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱ አካባቢዎች አንዱ ነው። በቅርቡ ጦርነት ብዙ ሰዎችን ከአበርገሌና ከጻግብጂ አፈናቀለ፤ በ2016 ደግሞ ድርቅ ተመልሶ መጣ። ልጇን ይዛ ከቀዬዋ ለወጣች እናት የትኛውን ጥቅስ ትልኩላታላችሁ? «ሁሉም ለበጎ ነው» ማለት ለላኪው ይቀላል፤ ለተቀባይዋ ግን ሊከብድ ይችላል።

ዳዊት የሚደግሙ እናቶችና አባቶች ምርጫው ውስጥ አይገቡም። መዝሙሩ ለሳምንቱ ቀናት ስለተከፋፈለ የሐሙስ ድርሻ ከ81 እስከ 110 ነው፤ መዝለል የለም። እዚያ ውስጥ 87ኛው (በሌላው አቆጣጠር 88ኛው) መዝሙር አለ፤ እንደ ሌሎቹ በምስጋና ሳይሆን በጨለማ ያበቃል። የቅዳሜው ድርሻ ውስጥ ያለው 136ኛው (137ኛው) ደግሞ በጠላት ሕፃናት ላይ በሚወርድ አስደንጋጭ እርግማን ይዘጋል። ከጥንት አባቶች አንዳንዶቹ ሕፃናቱን «ገና ሳያድግ መቀጨት ያለበት ክፉ አሳብ» ብለው ተርጉመውታል። በቀጥታ ብናነበውም የተማረከ ሰው ቁጣ ነው፤ ሰይፍ ላይ ሳይሆን ጸሎት ላይ የዋለ ቁጣ። ከጦርነት በወጣ አካባቢ ይህ ልዩነት ትንሽ ነገር አይደለም።

የማይመቸው ክፍል ግን ለቅሶና እርግማን ብቻ አይደለም። እኛንም የሚከስስ አለ። ነህምያ ምዕራፍ 5ን ክፈቱ። ሕዝቡ በረሃብ ጊዜ እህል ለማግኘት እርሻውንና ቤቱን መያዣ አድርጓል፤ ልጆቹን ለባርነት እስከመስጠት ደርሷል። አበዳሪዎቹ ደግሞ ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቹ ናቸው። ነህምያ ተቆጥቶ መሬቱ እንዲመለስ አደረገ። ራሱም ገንዘብና እህል ካበደሩት አንዱ እንደሆነ ግን አልደበቀም።

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይህ ምዕራፍ እንግዳ አይደለም። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ መርምሯል፤ ዋግም ያኔ የወሎ አካል ነበር። እንደ እሱ ትንታኔ በአገር ደረጃ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ የወደቀው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅም ነው። ድርቅ ሲመጣ በሬ ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል። አንዱ በሬውን በርካሽ ሲሸጥ በርካሽ የሚገዛ ሌላ ሰው አለ። ስለ «በረከት» ብቻ የሚያነብ ክርስቲያን ገዢው እሱ ራሱ ሊሆን እንደሚችል ላይታየው ይችላል።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ስሙን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ስሙን ከረሃብ ጋር በምትታወስ ከተማ መሰየሙ ትክክል ነው። ያልተጠራ ችግር አይታቀድለትምና።

81 መጻሕፍት የሚቆጥረውም 66 የሚቆጥረውም እነዚህን ምዕራፎች በእጁ ይዟል። ሁሉን መቀበል ማለት ሁሉን ወዲያው መረዳት አይደለም፤ አንዳንዱ መምህር ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ዓመታት ይፈጃል። ለጊዜው ግን አንድ ቀላል ነገር አለ፦ ነገ ጠዋት ጥቅስ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ከላይና ከታች ያለውን አንብቡ። ከዚያ ስልኩን ለማን እንደምትደውሉበት አስቡ።