መቼ ጠየቃችሁን? የላሙ ነዋሪዎችና የድንጋይ ከሰሉ ጣቢያ

በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ከሶማሊያ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ ላሙ የምትባል ደሴት አለች። ከኮራል ድንጋይ የታነጹት ቤቶቿ፣ በጠባብ መንገዶቿ ላይ ጭነት የሚያመላልሱት አህዮችና ለዘመናት ሳይቋረጥ የኖረው የስዋሂሊ ባህሏ፣ አሮጌዋን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍረዋታል። ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ክዋሳሲ በተባለ ቦታ፣ 1,050 ሜጋዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ኃይል ጣቢያ ሊተከል ታቀደ። ወጪው 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ባለቤቱ አሙ ፓወር የተባለ ኩባንያ ነው። ከሰሉም መጀመሪያ ላይ ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ ይመጣል ተባለ። በዚያን ጊዜ የመላው ኬንያ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍላጎት 2,000 ሜጋዋት እንኳ አይሞላም ነበር።

ጣቢያው አልተሠራም። በላሙም በናይሮቢም ሰልፍ ተወጥቶበታል፤ ፈቃዱን ያሰረዘው ግን ደረቅ የሚመስል የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነው። ሕዝቡ የተማከረው መቼ ነው?

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ በየአገሩ ቅጹ ይለያይ እንጂ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ፋብሪካ ሊተክል ያሰበ ኩባንያ አስቀድሞ አጥኚ ይቀጥራል። አጥኚው ውሃው ከየት እንደሚሳብ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚለቀቅ፣ ጭሱና አመዱ የት እንደሚያርፍ፣ ማን ከቦታው እንደሚነሣ ጽፎ፣ ለየጉዳቱም ማቃለያ ይሆናል ያለውን አስቀምጦ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስገባል። ሕዝብ ወደዚህ ሥራ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ ጥናቱ ሲጀመር፣ ምን ምን ይጠና ተብሎ ሲጠየቅ ነው፤ ሁለተኛው ጥናቱ ካለቀ በኋላ፣ ያገኘነው ይህ ነው፣ ምን ትላላችሁ ሲባል። ባለፕሮጀክቶች የመጀመሪያውን በር ይወዱታል። ገና በእጅ የተያዘ ነገር ስለሌለ ስብሰባው ተስፋ በተስፋ ይሆናል፤ ሥራ ይከፈታል፣ መንገድ ይገባል፣ መብራት ይመጣል። ተሰብሳቢው ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ለመገኘቱ የፈረመበት ወረቀት ኋላ ከጥናቱ ጀርባ ተጠርዞ የስምምነት ማስረጃ መስሎ ይቀርባል። («ተሰብሳቢው በአንድ ድምፅ ደግፏል» የሚል ቃለ ጉባኤ አይቶ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።)

የኬንያ ሕግ በዚህ ረገድ ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ደንብ፣ ጥናቱን የሚያካሂደው ወገን ማስታወቂያ እንዲለጥፍ፣ በጋዜጣና በሬዲዮ እንዲያስነግር፣ ከሚነካቸው ሰዎች ጋርም ቢያንስ ሦስት ሕዝባዊ ስብሰባዎች እንዲያደርግ ያዛል። የተጠናቀቀው ጥናት ለአስተያየት ክፍት መሆን አለበት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ፈቃድ ከተሰጠም በኋላ ቅር ያለው ወገን የሚሄድበት ቦታ መኖሩ ነው፤ ብሔራዊ የአካባቢ ችሎት ይባላል። አባላቱ በጥብቅ የማስረጃ ሕግ አይታሰሩም፤ ስለዚህ ዓሣ አጥማጁም ባለሙያውም የሚያውቁትን ሊያስረዱ ይችላሉ። በላሙ ክርክር ጊዜ የሕጉ ትልቁ ጥርስ ደግሞ ይግባኙ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ነገሩ ባለበት እንዲቆይ ማድረጉ ነበር። ቆፋሪው ማሽን ገብቶ ከቆፈረ በኋላ ቢፈረድልህ ምን ዋጋ አለው?

ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ተሰጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሴቭ ላሙ የተባለው የአካባቢው ማኅበራት ጥምረት ከአምስት ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ለችሎቱ አቤት አለ። ፈቃድ ሰጪው የአካባቢ ባለሥልጣንና ኩባንያው ስብሰባ አድርገናል ብለው ተከራከሩ፤ እውነትም አድርገው ነበር። ነገር ግን ስብሰባዎቹ ጥናቱ ከመዘጋጀቱ በፊት የተካሄዱ የማስተዋወቂያ መድረኮች ነበሩ። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ይዘቱን ይዞ ወደ ላሙ የተመለሰና በሚገባ ያስረዳ አልነበረም። ችሎቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2019 ፈቃዱን ሰረዘ። ኬንያ ያወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ ሕግም በጥናቱ ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም ሲል ተቸ። ልብ በሉ፣ ድንጋይ ከሰል ክልክል ነው አላለም፤ ኩባንያው ከፈለገ አዲስ ጥናት አቅርቦ እንደገና መጠየቅ ይችላል። በቀጣዩ ዓመት ግን ዋነኛው አበዳሪ ይሆናል የተባለው የቻይና ባንክ ራሱን አገለለ።

ከዚህ ክርክር መማር ለሚፈልግ ሰው፣ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለተቃውሞው አቀራረብ ነው። «ፋብሪካ አንፈልግም» የሚል ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ መልስ ሰጪው «ልማት ጠል» ብሎ ያልፈዋል። የሚያስጨንቀው ጥያቄ የጥናቱን ገጽ ጠቅሶ የሚመጣው ነው። የላሙ ሰው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ ካስካዚ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ከደቡብ የሚመጣውን ኩሲ ይለዋል፤ ጀልባውን የሚያወጣውም በእነዚሁ ነፋሶች አቆጣጠር ነው። እንግዲህ ይጠይቅ፦ የጭሱ ስሌት የተሠራው በየትኛው ወቅት ነፋስ ነው? ካስካዚ ሲነፍስ ጭሱ የሚያመራው ወደ ከተማችን አይደለም ወይ? ማሽኑን አቀዝቅዞ ወደ ባሕሩ የሚመለሰው ውሃ ምን ያህል ይሞቃል? ሙቀቱን የሚለካውስ ማነው፣ ውጤቱስ የት ይለጠፋል? የአመዱ ክምር የባሕር ማዕበል ቢደርስበት ምን ይደረጋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ጥናት በነፋሱ ከሚኖር ሰው ፊት ይጋለጣል።

ላሙ ለኛም ሩቅ አይደለችም። ወደቧ ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን ያገናኛል የተባለው የላፕሴት መተላለፊያ መነሻ ነው። ሕጋችንም ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 እና 92 ሰዎች በቀጥታ በሚነኳቸው ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲጠየቅበት፣ በተለይም ጉዳቱ የሚደርስባቸው ሰዎች ያሉት በሰነዱና በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ያዛል። ጥናቱን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው፤ ወፍራም ሰነድ አንብቦ፣ ተማክሮ፣ ጽፎ ለማስገባት እጅግ አጭር ነው ባይ ነኝ። በውሳኔው ቅር ያለው ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበውም ለዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። የኬንያው ዓይነት ራሱን የቻለ ችሎት በዐዋጁ ውስጥ የለም።

የተሻለው መንገድ በብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ላይ ይገኛል። በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ወይም ሊያደርስ የሚችል አካል ላይ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣ ወይም ውሳኔው ካላረካው ደግሞ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ቀነ ገደቡ ካለፈበት ዕለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀድለታል። ቀኑ የሚቆጠር በመሆኑ አቤቱታውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ፣ በእጅ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና የገባበትን ቀን ሳያስመቱ ከግቢው መውጣት አያዋጣም።