ምዕራፍ 6፦ አገው ምድር በሐራጅ ሲወጣ

ሐራጅ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን በባንክ ዕዳ የተያዘ ቤት ወይም ጉምሩክ የወረሰው መኪና ነው። ሲፒኦ ያስይዛሉ፣ ዋጋ ይጠራሉ፣ ካሸነፉ ይረከባሉ። የአሮጌ ካርታና የአሮጌ ፎቶግራፍ ሐራጅም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዋናው ገበያ ግን ለንደን፣ ፓሪስና ሮም ነው። እዚያ ከሚሸጠው ወረቀት መካከል አዊን የሚመለከት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ አለ።

ጀማሪ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚማረከው በኦርቴሊየስ ካርታ ነው። በ1573 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ የ«ቄስ ዮሐንስ መንግሥት» ካርታ ለዓይን ውብ ነው፤ ዐባይን ግን ከምድር ወገብ በታች ካሉ ሐይቆች ያስነሳዋል። ከጣና ወጥቶ ጎጃምን የሚከበውን ዐባይ አስተካክለው የሳሉት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ የመጣው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1683 እ.ኤ.አ. የራሱን ካርታ አወጣ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ብዙውን የነገሩት የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ግድግዳዬ ላይ የምሰቅለውን ምረጥ ብባል፣ የኢትዮጵያዊ መነኩሴ ዕውቀት ያለበትን ይህን እመርጣለሁ።

የዳንግላ ሰው ግን ከሁለቱም በፊት ቢፈልገው የምመክረው አንድ መጽሐፍ ነው። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ዳንግላ ነበር። የእንግሊዝ ዓይን ያረፈው በጣና ላይ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ውል ያለ እንግሊዝ ስምምነት በጣናና በዐባይ ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ላለማሠራት ተስማምተው ነበር። ቺዝማን ራሱ ከፖለቲካው ይልቅ ወፍና ወንዝ የሚወድ ሰው ነበር። የዐባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ አነሳ፤ ጣናን ዞሮ ገዳማቱን ጎበኘ። ያየውን በ1936 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በፎቶግራፍና በካርታ አሳተመ። መጽሐፉን ሲገዙ ካርታዎቹ በቦታቸው መኖራቸውን ሻጩን አጥብቀው ይጠይቁ። ከአሮጌ መጽሐፍ ካርታውን ቆርጦ ለብቻው መሸጥ የቆየ የነጋዴ ልማድ ነው፤ በግሌ እንደ ነውር እቆጥረዋለሁ።

እውነተኛውን ከቅጂ መለየት የሚመስለውን ያህል አይከብድም። የኦርቴሊየስና የሉዶልፍ ካርታዎች የታተሙት በተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በማተሚያው ኃይል ወረቀቱን ስለሚጫነው፣ ጠርዙ ካልተቆረጠ በቀር በሥዕሉ ዙሪያ በጣት የሚዳሰስ ጎድጎድ ያለ መስመር ይተዋል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ቢያነሱት በእጅ ሲሠራ የወንፊቱ ሽቦ የተወባቸው መስመሮች ይታያሉ። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ሥዕሉ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ግን በእጅዎ ያለው የዘመናችን ኅትመት ነው።

ለፎቶግራፍ ደግሞ ሱቆች ብር የሚፈትሹበት ሐምራዊ መብራት ይበቃል። የፎቶ ወረቀት ፋብሪካዎች ነጭነት የሚጨምር ኬሚካል መጠቀም የጀመሩት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገደማ ነው። «በ1936 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ያነሳው» የተባለ ፎቶ በጨለማ ክፍል በዚህ መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ካበራ፣ ኋላ የታተመ ነው። አለማብራቱ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም። በጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ የብር ነጸብራቅ ካለ ግን ለዕድሜው ጥሩ ምስክር ነው። የጣሊያን ወታደሮች አልበሞች በብዛት ስለሚሸጡ፣ ከሥዕሉ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ፦ የቦታ ስም፣ ቀን፣ የወረቀት ፋብሪካ ምልክት። ስም የሌለው ተራራ እንጅባራም ሊሆን ይችላል፣ አክሱምም።

ዋጋውን አስቀድመው ያስሉ። መዶሻው በ200 ፓውንድ ከወደቀ፣ የሐራጅ ቤቱ 25 በመቶ ኮሚሽን ሲጨምር 250 ይሆናል፤ በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 260። የመላኪያውና የጉምሩኩ ሒሳብ ገና አልተነካም። ስለዚህ የመጨረሻ ዋጋዎን ከሐራጁ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፉ። እልህ ውስጥ የገባ ተጫራች በማግስቱ ይጸጸታል።

ዕቃው ከማን እጅ እንደመጣም መጠየቅ ግድ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኒውካስል ውስጥ ለሐራጅ ቀርቦ የነበረ ከመቅደላ የተዘረፈ ጋሻ ከኢትዮጵያ በኩል ተቃውሞ ሲነሳ ከሽያጭ ወጥቷል። ከአገር ማውጣትም የራሱ ሕግ አለው፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ አይወጣም። ከገዳም ብራና የተገነጠለ ቅጠል ቢቀርብልዎ በነጻም ቢሆን አይውሰዱ።

እንግዲህ ለንደን ያለው ይህ ነው። ከዚያ የማይገኘው በአዊ ቤቶች ሣጥን ውስጥ ያለው ነው፦ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓላት፣ ሠርግ፣ የትምህርት ቤት ምርቃት። እነዚህን የሚያጣብቅ ፕላስቲክ ባለው አልበም አያስገቧቸው፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። በእስክሪብቶም አይጻፉባቸው። ይልቅ ሽማግሌዎቹ ሳሉ ከጎናቸው ተቀምጠው ፈረሰኛው ማን እንደሆነ፣ ቦታው ባንጃ ይሁን አንከሻ፣ ዓመቱ ስንት እንደሆነ ይጠይቁና ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉት።