«ኢትስ ኢት»፤ ቦታው ሲፈርስ የተረፈ ጣፋጭ

በሁለት ብስኩት መካከል አይስክሬም ማስገባት ቀላል ነገር ይመስላል። ታዲያ የሳን ፍራንሲስኮው «ኢትስ ኢት» እስከ ዛሬ ድረስ የቆየው በምን ምክንያት ነው?

ጆርጅ ዊትኒ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1928፣ በከተማይቱ የባሕር ዳርቻ በነበረው «ፕሌይላንድ» በተባለው የመዝናኛ ሥፍራ፣ ቫኒላ አይስክሬም በሁለት የአጃ ብስኩቶች መካከል አድርገው ጥቁር ቸኮላት ውስጥ ነከሩት። ስሙም «እሱ ነው» እንደ ማለት ነው። ቸኮላቱ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ በቅዝቃዜው ጠንክሮ ብስኩቱንና አይስክሬሙን አንድ ላይ ይይዛል፤ አይስክሬሙም በጎን እንዳይፈስ ያግዳል።

ፕሌይላንድ በ1972 ተዘግቶ ፈረሰ። ጣፋጩ ግን አብሮ አልጠፋም፤ በ1974 በአዲስ ባለቤቶች እጅ ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። አሁን ፋብሪካው የሚገኘው በአቅራቢያው ባለችው በበርሊንጌም ከተማ ነው።

ዓይነቱም በዝቷል፤ ከቫኒላው ሌላ የቸኮላት፣ የናና፣ የካፑቺኖ፣ የእንጆሪና የዱባ አለ። ልብ ብለን ብንመለከት ግን የሚለወጠው መካከሉ ነው፤ የአጃው ብስኩትና የቸኮላቱ ልባስ እንደ ነበሩ ናቸው። ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ ዘወትር ለምንከራከረው ለእኛ ለተማሪዎች፣ ምኑ ተጠብቆ ምኑ እንደሚለወጥ ለይቶ ማወቅ ከክርክሩ ሁሉ ሊቀድም ይገባዋል።